ቁርጥ የበላ ተመልካች ምን በደለ?

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። እኔ ዘንድ ሦስት ጊዜ ደርሷል፤ አንዴ ከሥራ ባልደረባዬ፣ አንዴ ከአክስቴ ልጅ፣ አንዴ ደግሞ ከባለቤቴ። ባለቤቴ ከሥሩ «አንቺን ነው» ብሎ ጽፎበታል። ጽሑፉ ቴአትር ከማየታቸው በፊት ሥጋ ቤት የሚገቡ የአዲስ አበባ ሰዎችን ይወቅሳል። ባለቤቴ አልተሳሳተም፣ እኔን ነው። መልሱም የእኔ ዕዳ ሆነ።

በቅድሚያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ሥጋ የበላ ተመልካች ያንቀላፋል፤ ደሙ ወደ ሆዱ ስለሚወርድ አእምሮው ለተውኔት አይተርፍም ይላሉ። ሥጋ ቤት ሰዓት አያውቅምና እዚያ የገባ ሰው አዳራሽ የሚደርሰው መጋረጃው ከተገለጠ በኋላ፣ በጨለማ የሰው እግር እየረገጠ ነው። ለግማሽ ኪሎ ቁርጥ የማይሰስት እጅ ለቴአትር መግቢያ ይሰስታል። ልማዱም የእኛ አይደለም፣ ከኒውዮርክና ከለንደን በፊልም ተቀድቶ የመጣ ነው። ሥጋ ቤት የወንዶች ዓለም ስለሆነ ሴቶችንና ልጆችን ከቴአትር ያርቃል። የጥብሱ ጢስና የሽንኩርቱ ሽታ አጠገብ የተቀመጠውን ያውካል። መብላት የግድ ከሆነም ከቴአትሩ በኋላ ይሁን። ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል፤ ቴአትርን ከሚወድ ሰው እጅ የወጣ መሆኑም ያስታውቃል። ፍቅራቸውን እጋራለሁ። የያዙት ተከሳሽ ግን ጥፋተኛው አይደለም ባይ ነኝ።

ከእንቅልፉ ልጀምር፣ ጽሑፉ የሰው ልብ ውስጥ የገባው በዚህ ነውና። ከባድ ምግብ ያደክማል፤ አልክድም። ጮማውን ለብቻው ተቀምጦ አንድ ኪሎ የጨረሰ ሰው ቴአትር ቤት ቀርቶ የገዛ ልጁ ሠርግ ላይም ያንቀላፋል። ለድካሙ የተሰጠው ምክንያት ግን አያስኬድም። አንጎል ሆድ በሞላ ቁጥር የደም ድርሻውን አሳልፎ የሚሰጥ አካል አይደለም፤ አቅርቦቱን የሚያስጠብቅበት የራሱ ሥርዓት አለው። ባይኖረው ኖሮ ከፋሲካ ምሳ በኋላ ግማሹ አገር ራሱን ስቶ ይገኝ ነበር። ድካም ከምግብ ብዛት ይመጣል፣ በዚህ በኩል ደግሞ አንድ ትልቅ ሳህን ፓስታ ወይም ሁለት እንጀራ በሽሮ ከሥጋ አያንስም። ጸሐፊው ፓስታን ግን አልከሰሱም።

የሰዓቱም ነገር አለ። የሰው ሰውነት ከቀትር በኋላ፣ በግምት ከ7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ምሳ ባይበላም እንኳ የሚዝልበት የራሱ ዑደት አለው። የእሑድ ቴአትር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ስንት ሰዓት ነው? ከቀኑ 8 ሰዓት። አዳራሹ ይጨልማል፣ ወንበሩ ይመቻል፣ ከውጭ ፀሐይ የሞቀው ሰው ከውስጥ ጥላ ያገኛል። ተመልካችን ለማስተኛት የሚመች ሰዓት ፈልጉ ብንባል ከዚህ የተሻለ አናመጣም።

ደግሞም ይህን ክርክር መፈተኛ በእጃችን አለ፤ ብዙ አገር የሌለው መፈተኛ። ጾም ይባላል። በሁዳዴ 55 ቀን አብዛኛው የከተማችን ሥጋ ቤት ቢላዋውን ሰቅሎ ይዘጋል። ጸሐፊው ልክ ከሆኑ በእነዚያ ሳምንታት ቴአትር ቤቱ እንደ ዘብ በነቃ ሰው መሞላት ነበረበት። አንድ የሁዳዴ እሑድ አጠገቤ አንድ አባት ተቀምጠው ነበር። ከመግባታችን በፊት እዚያው አካባቢ ካለ ምግብ ቤት በያይነቱ ሲበሉ አይቻቸዋለሁ፤ ከምስር፣ ከጎመንና ከሽሮ በቀር ምንም አልቀመሱም። መብራቱ በጠፋ በሩብ ሰዓት ውስጥ ማንኮራፋት ጀመሩ፣ እስከ መጨረሻው ትዕይንትም አላቋረጡም። የቀሰቀሳቸው ጭብጨባው ነው። ተነሥተው ከሁላችንም አስበልጠው አጨበጨቡ።

በዚያ ቀን ያየነው ተውኔት፣ ስሙን ልተወውና፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አራት ሰዎች ሶፋ ላይ ተቀምጠው እርስ በርስ የሚመካከሩበት ነበር። እኔም ያልተኛሁት ማንኮራፋታቸው ስላላስተኛኝ ነው። ተመልካች ሲያንቀላፋ መጀመሪያ የሚመረመረው መድረኩ ነው፤ መድረኩ ከነጻ ወደ ሆድ እንሄዳለን። ጥሩ ተዋናይ አንዲት ቃል ከመናገሩ በፊት ዝም ብሎ ሲቆም የጎድን ጥብስ የበላውም ሽሮ የበላውም እኩል ትንፋሹን ይይዛል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጸሐፊውም አይተው እንደሚያውቁ አልጠራጠርም።

ወደ ማርፈዱ እንሂድ። እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ እውነት ይዘዋል፣ እኔም በራሴ ላይ ልመስክር። አንድ ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር ሸክላ ጥብስ አዝዘን አስተናጋጁ «መጣ» ሲለን፣ ደግሞ «መጣ» ሲለን፣ ሲመጣ ከሰሉ እየተንጣጣ ነው፣ ትኩስ ነው፣ ትቶ መሄድ ደግሞ ኃጢአት ሆነብን። አዳራሽ ስንደርስ በመድረኩ ላይ አንድ ሰው ሞቶ ይለቀስ ነበር። ማን እንደሞተ ያወቅነው በመጨረሻ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ደግመን አላደረግነውም።

ነገር ግን ማን እንደሚያረፍድ ተመልከቱ። በሥራ ቀን ቴአትር የሚታየው 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ መንግሥት ሠራተኛውን ከቢሮ የሚለቅበት ሰዓት ማለት ነው። ያን ቀን በጨለማ እግር እየረገጠ የሚገባው ከታክሲ ሰልፍ የመጣ ሰው እንጂ ከሥጋ ቤት የመጣ አይደለም፤ ለሥጋ ቤት ጊዜ ከየት ያገኛል? ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ ቅዳሜና ስለ እሑድ ነው። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ አንዱ ጓደኛ ከአያት፣ አንዷ ከጀሞ፣ ሌላው ከቱሉ ዲምቱ ይመጣል። በቀጥታ አዳራሹ በር ላይ 8 ሰዓት ከተቀጣጠሩ አንዱ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ሁለቱ በር ላይ ቆመው ስልክ ይደውላሉ፣ ሦስቱም አርፍደው ይገባሉ። ከአዳራሹ አሥር ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ ሥጋ ቤት 6 ሰዓት ላይ ከተቀጣጠሩ ግን ነገሩ ይለወጣል። አርፍዶ የመጣው ጓደኛ የሚያመልጠው ሻኛው ነው እንጂ የመጀመሪያው ትዕይንት አይደለም። ይህች ከተማ ሰውን በሰዓቱ አታደርስም፤ ሥጋ ቤቱ የከተማዋን መዘግየት ከአዳራሹ ደጃፍ ቀድሞ ይቀበልልናል። ሰዓት አያውቅም የተባለው ቤት፣ በልኩ ከተያዘ፣ ያለን ምርጥ ሰዓት ጠባቂ ነው።

ለዚህ ደግሞ ከጥብስ ይልቅ ቁርጥ ይሻላል። ጥብስ ምድጃ ይጠብቃል፤ ቁርጥ የሚጠብቀው ሚዛንና ቢላዋ ብቻ ነው። ጸሐፊው አብዝተው የጠሉት ምግብ ከሁሉ ፈጣኑ መሆኑን ልብ ይሏል።

የዋጋውን ክርክር በአጭሩ ልለፈው። ግማሽ ኪሎ ሥጋ ከመግቢያ ትኬቱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ እውነት ነው፣ ያሳፍራልም። የሚያሳፍረው ግን ሥጋ በላውን አይደለም። ትኬቱን ያረከሰው እሱ አይደለም፣ የበሬ ዋጋም እሱ ተመካሪ ሆኖ አልናረም። ግማሽ ኪሎውን ለአራት የተካፈለ ሰው ሥጋውን ቢተወው በተረፈው ብር ያንኑ ተውኔት አምስት ጊዜ ያያል ማለት ነው? አያይም፤ ቤቱ ይቀመጣል። ቴአትር ለአብዛኞቻችን የወጪ ቀን ነው፣ የወጪ ቀን ደግሞ ከአንድ ትኬት የሰፋ ነገር ይፈልጋል። አቅም ለሌለው ሰው ሻይ በሳምቡሳ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ማንም ሥጋ ግዴታ ነው አላለም። ነገሩ አብሮ መቀመጡ ላይ ነው።

አሁን በጣም ወደምወደው ክስ ደረስኩ፤ ልማዱ የባዕድ ነው ወደሚለው። በቤተ መንግሥት ግብር ሲበላ የነበረውን ሥርዓት እናስታውስ። ብርንዶው በሰዎች ትከሻ በተያዘ እንጨት ተንጠልጥሎ በእንግዶች መካከል ሲያልፍ፣ እያንዳንዱ ከፊቱ የደረሰውን በቢላዋው ሲቆርጥ፣ አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ሲያወድስና ሲነቅፍ፣ ፎካሪው ተነሥቶ ሲፎክር ማን ምን ያህል ሥጋ በላ ብሎ የቆጠረ የለም። አዝማሪ የሰላ ቅኔውን የሚሰነዝረው ለጾመኛ አልነበረም፤ ሥጋ በእጁ ለያዘ፣ ጠጅ በፊቱ ለተቀዳለት ሰው ነበር። ያ ሰው ደግሞ ሰምና ወርቁን ለይቶ ይስቅ ነበር፣ ወይም ይቆጣ ነበር። የአገራችን ትዕይንት አፉን የፈታው ከማዕድ አጠገብ ነው።

ዘመናዊው ቴአትርም ቢሆን እንዲሁ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በአውሬዎች ተመስለው የሰውን ጉድ የሚያጋልጡ ገጸ ባሕርያት ይዘው የመጡበት የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት፣ ከመቶ ዓመት በፊት ለመኳንንቱ የታየው በሆቴል ነበር። ያን ጊዜ የቴአትር አዳራሽ አልነበረንም፤ ምግብ ቤት ግን ነበረን፣ ቴአትርም እዚያ ተጠግቶ ተወለደ። በኋላ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር የተቀመጠው በፒያሳ ነው፤ ከእሱ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው የሥጋ ቤቶች ሰፈር ነበረ። ዶሮ ማነቂያን የሚያውቅ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ጎድኑ በመስኮት ተሰቅሎ፣ ቆራጩ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ከውስጥ የጥብስ ጢስ እየወጣ፣ ተዋናይም ተመልካችም እዚያው ትከሻ ለትከሻ ይቀመጥ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ሰፈሩ ሄደ፣ ሀገር ፍቅር ቀረ። ጸሐፊው ሥጋ ቤቶቹ ከቴአትር ቤቱ ደጃፍ ቢርቁ ተመልካቹ ይበዛል የሚሉ ከሆነ፣ ቢያንስ በዚያ በኩል ምኞታቸው ተፈጽሟልና ሄደው ወንበሮቹን ይቁጠሩልን።

ሌላም ልጨምር። ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ ኢዮቤልዩ ጊዜ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ሲከፈት ከተማዋ ዘመናዊ ቄራዋንም የምታደራጅበት ዘመን ነበር፤ ሁለቱም የ1940ዎቹ መጨረሻ ልጆች ናቸው። ከተማ ሲዘምን ሥጋውንም መድረኩንም አንድ ላይ ነው የሚያስበው። ይህ ከማንም የተቀዳ አይደለም።

ኒውዮርክም ቢሆን ስሟ ከተነሣ አይቀር የምንማረው አለን። እዚያ ኪንስ የሚባል ሥጋ ቤት አለ፤ በ1885 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ ያን ጊዜ የቴአትር ሰፈር በነበረው በሄራልድ ስኩዌር። በአጠገቡ ከነበረው ቴአትር ቤት ተዋናዮች በትዕይንት መካከል የመድረክ ቀለማቸውን ሳያጥቡ ሮጠው መጥተው ይበሉ እንደነበር ይነገርለታል። ልብ በሉ፣ ተመልካቾቹ ብቻ ሳይሆኑ ተዋናዮቹ! ሥጋ ያስተኛል ከተባለ እነዚያ ሰዎች ቃለ ተውኔታቸውን እንዴት አስታወሱት? በዛሬዋ ኒውዮርክ ደግሞ በቴአትር ሰፈሩ ምግብ ቤት ውስጥ ስትቀመጡ አስተናጋጁ ቀድሞ የሚጠይቃችሁ ትዕይንት አላችሁ ወይ ብሎ ነው፤ አላችሁ ካላችሁት ምግቡንም ሒሳቡንም በዚያ ልክ ያፈጥነዋል። መቅዳት ካለብን ይህን እንቅዳ። አዲስ አበባ ውስጥ ከቴአትር ቤት አጠገብ ሆኖ የመጋረጃውን ሰዓት የሚያውቅ አንድ ሥጋ ቤት ቢኖር በየሳምንቱ እሄዳለሁ፣ ጉርሻውንም አልረሳም።

የወንዶች ዓለም ነው ለሚለው፣ እኔ ሴት ነኝ። ከሁለት እህቶቼ ጋር ሥጋ ቤት ገብቼ ዳቢት አስመዝኜ፣ ቢላዋውን ራሴ ይዤ፣ በአዋዜ በልቼ ወደ ቴአትር ሄጃለሁ። መጀመሪያ ላይ ያዩናል፣ ኋላ ይለምዱናል። ቆሞ የሚበላባቸው፣ ወለላቸው የሚያንሸራትት፣ ሴት ብቻዋን ስትገባ ወሬ የሚቆምባቸው ቤቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እዚያ አልገባም። እሑድ እኩለ ቀን ላይ ግን ብዙዎቹ በቤተሰብ የተሞሉ ናቸው። ጸሐፊው ወደ ሥጋ ቤት በምን ሰዓት እንደሚሄዱ ባላውቅም ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ይመስለኛል።

በጠረኑ ክስ ግን ተሸንፌያለሁ። የጥብስ ጢስ ኮት ላይ ከተቀመጠ እስከ ማግስቱ አይወርድም፣ ነጭ ሽንኩርቱም ከአፍ አይጠፋም፤ አጠገቤ የተቀመጡ ሰዎችን ሁሉ እዚህ ላይ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በነገራችን ላይ ይህም ክስ ጥብስን እንጂ ቁርጥን አይነካም፤ ቁርጥ ጢስ የለውም። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ያስከትላል ሲሉ በቅንፍ የጣሉት ማሳሰቢያም ትክክል ነው፤ አያቶቻችን ኮሶ ሲጠጡ የኖሩት ለጨዋታ አልነበረም። የሚፈራ ሰው ጥብሱን ይዘዝና ኮቱን ቤት ይተው። መጠጡን በተመለከተ ደግሞ ጸሐፊው ያለዘቡትን እኔ ላጠንክረው፤ ከቴአትር በፊት ድራፍት አይደረደር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፣ የሚያወጣው ግን መድረኩ ላይ ሰው በሹክሹክታ ሲናገር ነው። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ሰው ገጸ ባሕርይዋን «እሱን አትመኚው፣ ይዋሻል!» ብሎ ሲመክራት ሰምቻለሁ። ልክ ነበር፣ ይዋሽ ነበር። የተነገረው ግን ገና ሁለተኛው ትዕይንት ላይ ነው።

«ከቴአትሩ በኋላ ይበላ» የሚለው ምክር ሲሰሙት መልካም ይመስላል። በ11 ሰዓት ተኩል የጀመረ ተውኔት ሲያልቅ መሽቷል። ታክሲው ሳስቷል፣ ሩቅ ሰፈር ያለው ሰው ሰዓቱን ያያል። ሥጋውም ቢሆን ሌሊት ታርዶ ንጋት ላይ ለልኳንዳው የደረሰ ነው፤ ሻኛውና ጎድኑ ቀን አልቆ ማታ የሚቀርበው ማንም ያልመረጠው ነው። በዚያ ላይ ከባድ ምግብ በልቶ ሁለት ሰዓት ቀጥ ብሎ መቀመጥ ይሻላል ወይስ በልቶ ወዲያው መተኛት? ስላዩት ነገር ለመነጋገር ከሆነ ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው፣ መነጋገሪያው ከቴአትር በኋላ ነው። ለእሱ አንድ ማኪያቶ ይበቃል።

ጽሑፋቸውን የሚዘጉት ልጆቻችን ቴአትርን ከሥጋ ጋር አያይዘው እንዳያድጉ በመማጸን ነው። በዘጠኝ ዓመቴ አባቴ ዶሮ ማነቂያ አጠገቡ አስቀምጦኝ ለእኔ ቃሪያ የሌለው ሩብ ጥብስ አዘዘልኝ፣ ለራሱ ቁርጥ። ከቀዩ አንዲት ስስ ቁራጭ በቢላዋው ጫፍ አነሣና አጎረሰኝ፤ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አለኝ። ከዚያ እጁን ታጠበ፣ ሰዓቱን አየ፣ እጄን ይዞ ወደ ሀገር ፍቅር ሮጥን። ያየነውን ተውኔት ስም አላስታውሰውም፤ ጸሐፊው ይህን ሲያነቡ «ይኸው!» እንደሚሉ አውቃለሁ። ይበሉ። መብራቱ ሲጠፋ የአባቴ እጅ ሎሚና ሚጥሚጣ ይሸት ነበር፣ እኔም ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ለማየት ወንበሬ ጫፍ ላይ ነበርኩ። አሁንም እዚያው ነኝ፤ ባለፈው ቅዳሜ ሦስተኛው ረድፍ፣ ከግራ ሁለተኛው ወንበር ላይ።